ሴንጋ አየር ላይ ናት

«ከዳካር ካምፓላ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ እናቴ። ጎህ ቀዷል። እሷ ከኩሽናው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማቶኬ፣ የሚቀቀለውን ሙዝ፣ ትልጣለች፤ እኔ ስልኬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከወር በፊት ስትጠይቀኝ አፌን ሞልቼ መልሼላት ነበር። ክራኮቭ ሄጄ ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት ምድርን መለካት ነው፤ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን አጭሩን መስመር ማውጣት ለእኔ ከሙዝ መላጥ ይቀላል። አምስት ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር፣ አውሮፕላኑም በሰዓት ከስምንት መቶ በላይ ይበራል፣ እንግዲህ ሰባት ሰዓት ነው ብዬ ነበር። «ዓርብ ማታ ከተነሳች ቅዳሜ ቁርሷን እዚህ ትበላለች» አልኳቸው። በዚህ ቃል ድንኳን ተከራዩ፣ የጥሪ ወረቀት አሳተሙ፣ ዳካር ያለችው የአባቴ እህት ናንቱሜም በዚህ ቃል ቲኬቷን ቆረጠች። አሁን ስልኬ ላይ ሌሊት የገባ መልእክት አለ፦ «አቢጃን አርፈናል። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ቀጥሎ ናይሮቢ ነው፣ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ነው ይላሉ።» እናቴ ልጣጩን ጣለችና ቀና አለች። «ይሄ አቢጃን የምትሉት በመንገዷ ላይ ነው ወይስ ከመንገዷ ወጥታ ነው?» ሁለቱም ነበር። ደግሞ ሌላም የረሳሁት ነገር አለ፦ ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ፀሐይን ሄዶ ስለሚቀበላት ከዳካር እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ይከስራል። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ያን ቀን መስመሩ ቀጥ ብሎ አምሮ ስለታየኝ አላሰብኩትም። «ትደርሳለች» አልኩ። እናቴ ቢላዋዋን ወደ ማቶኬው መለሰች። «እሱን አልጠየቅኩህም» አለችኝ።

ቀኑ ታናሽ እህቴ ናቦሳ እጮኛዋን ለቤተሰብ የምታስተዋውቅበት ቀን ነው። እኛ ዘንድ ይህ ቀን ከሠርጉ ይበልጣል። የወንዱ ወገኖች እስከ እግር የሚደርስ ነጭ ካንዙ ለብሰው፣ ሴቶቻቸው ትከሻው ቀጥ ያለ ጎሜሲ ቀሚሳቸውን በሰፊ መቀነት አስረው፣ ስጦታ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ልጁን ግን መሃላቸው ደብቀው ያስቀምጡታል። የልጅቱ ሴንጋ፣ የአባቷ እህት ማለት ነው፣ በረድፍ በተቀመጡት ወንዶች መካከል እየዞረች ፈልጋ አግኝታ አበባ ደረቱ ላይ እስክትሰካለት ድረስ እሱ ማንም አይደለም። ሴንጋ ካልወጣች ልጅቱ አትወጣም። ዛሬ ዛሬ ሴንጋ የሌለው ሰው ይከራያል፤ እኛም ለክፉ ቀን ብለን አንዲት ከጎረቤት የመጡ፣ በዚህ ሥራ ስም ያወጡ ቀጭን ሴትዮ ተከራይተናል፤ ሰማያዊ ጎሜሲ ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። ናቦሳ ግን ገና ቀኑ ሲቆረጥ ቃሏን ሰጥታለች፦ ሴንጋ ናንቱሜ ካልወሰደችኝ ከክፍሌ አልወጣም። ናንቱሜ ከዚህ ቤት ስትሄድ ናቦሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን በሚውልበት ሰዓት፣ በስልክ አሳደገቻት ማለት ይቻላል። የጡት ማስያዣ ስትገዛ ያማከረቻት እሷ ናት፤ ያ ባንክ የሚሠራው ልጅ ጥሏት የሄደ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አብራት ያለቀሰችው እሷ ናት፤ ምፓጊ የተባለውን ይህን የአሁኑን ልጅ በፎቶ አይታ «ጆሮው ትልቅ ነው፤ የሚሰማ ሰው ነው፤ ያዢው» ያለቻትም እሷው ናት።

አባቴ የእህቱን ስም ከጠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ዳካር ለአጭር የጨርቅ ማቅለም ትምህርት ሄደች፤ ከዚያ ንጃጋ የተባለ የጀልባ አናጢ አገባችና እዚያው ቀረች። ማግባቷ አልነበረም ነገሩ። ወደዚህ ደጅ ማንም ካንዙ ለብሶ አልመጣም፤ ማንም ወንድሟን «ልጅቱን ስጠን» አላለውም። አባታቸው ሞተው ስለነበር መጠየቅ የነበረበት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አልተጠየቀም። ስድብ የለ፣ ጠብ የለ፤ ዝም ብሎ ስሟ ከቤታችን ጠፋ፤ አልበሙ ላይ ፎቶዋ ካለበት ገጽ ሲደርስ እንኳ እጁ ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ይገልጥ ነበር። ናቦሳ ሴንጋዬ ትምጣ ስትል እሺም እምቢም አላለም። በማግስቱ ከድንኳን አከራዩ ጋር ወንበር ሲዋዋል «ለሴንጋ የሚሆን አንድ ደህና ወንበር ጨምር፣ መደገፊያ ያለው» ማለቱን እናቴ ሰምታለች። ለየትኛዋ ሴንጋ እንደሆነ ግን ማንም ደፍሮ አልጠየቀውም።

ሙትንድዌ ኮረብታ ላይ ያለው ግቢያችን ሲነጋ ገበያ መሰለ። ኅዳር የማስተዋወቅ ወር ስለሆነ ሁሉ ነገር ተወዷል፤ ባለፈው ሳምንት ሃያ ሺህ ሽልንግ የነበረ የማቶኬ ዘለላ ሠላሳ አምስት ሺህ ገብቷል፣ የድንኳን ሰዎች ደግሞ ነጩን መጋረጃ ለብቻው ያስከፍላሉ። የእናቴ ወገን አክስቶች በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ዶሮ በትልልቅ ድስት ይደረድራሉ፤ የድምፅ ማጉያው ሰውዬ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል፣ ከሁለት በላይ መቁጠር የማይችል ይመስል። እኔ በዚህ ሁሉ መሃል ቆሜ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። ከተመለስኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ አሁንም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ መልሼ የምሄድበትን የቲኬት ዋጋ አያለሁ። ክራኮቭ ሳለሁ የዚህ ቤት ሰው ነበርኩ፤ እዚህ ስመጣ «ፖላንዱ» ሆንኩ። የናቦሳ ወንድም በመሆኔ ምፓጊ ዛሬ አውራ ዶሮ ሊሰጠኝ ግድ ነው፤ አክስቶቼ ከጠዋት ጀምረው «ፖላንዱ ዶሮ መያዝ ይችላል ወይ? በእግሩ ነው በክንፉ የሚያዘው?» እያሉ ይስቁብኛል።

የቤታችን ቃል አቀባይ አቶ ካዪዚ ከካንዙው በላይ ጥቁር ኮት ደርቦ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። በዚህ ከተማ አፉን ሊከራይ የሚፈልግ ተራ ጠብቆ ነው። ወደ ጓዳ ወስጄ ነገሩን ነገርኩት፦ ሴንጋችን አየር ላይ ናት፤ ኢንቴቤ የምታርፈው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው፤ እንግዶቹ ደግሞ አምስት ሰዓት ይመጣሉ። ካዪዚ መነጽሩን አወለቀ።

«ስማኝ ልጄ፤ የተቀጠርኩት ንግግር ላደርግ ነው ወይስ ፀሐይን ይዤ ላቆም?»

«እባክዎ አቶ ካዪዚ። ምናልባት እነሱም ያረፍዱ ይሆናል።»

«ያረፍዳሉ? እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ ትናንት ደውዬ ‹አንዲት ደቂቃ ብታረፍዱ መቀጮ አለባችሁ› ያልኳቸው?»

አላረፈዱም። እንዲያውም ቀደሙ። ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች በሁለት ረድፍ፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹ በሌላው፣ ደጃችን ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ከፊታቸው የነሱ ቃል አቀባይ ሙትያባ፣ አጭር፣ ወፍራም፣ ገና ከንፈሩን ሳያላቅቅ ሰው የሚስቅለት ሰው። ካዪዚ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ረድፉን አየ፤ ከዚያ ደግሞ ሰዓቱን አየ።

«አሥር ደቂቃ ቀድማችኋል» አላቸው። «ቀድሞ የሚመጣ እንግዳ የቤቱን ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ሊያይ የመጣ ነው። መቀጮ አለበት።»

ሙትያባ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ጌታዬ፣ በዚህ ከተማ ለማርፈድ መቀጮ ከፍለን እናውቃለን። ለመቅደም ስንከፍል የመጀመሪያችን ነው። ደረሰኝ ይሰጠናል?»

«እነማን ናችሁ ለመሆኑ? ባለፈው ቅዳሜ መሬት እንገዛለን ያሉ ሰዎች መጥተው ማቶኬያችንን በልተው ሄደዋል።»

«እኛ መሬቱን አንፈልግም። እዚህ ግቢ የበቀለች አንዲት አበባ አለች ሲሉ ሰምተን ነው።»

«አበባ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ዋጋውም ቅናሽ ነው።»

«የመንገዱን አይተነዋል ጌታዬ፤ ሴንጋ የለውም።»

ሕዝቡ ሳቀ። ካዪዚም ሳቀ፤ ጎኑ ስለቆምኩ ግን ሰዓቱን በዓይኑ ጫፍ ሲያይ አየሁት። እንዲያ እያለ ደጁ ላይ አንድ ሰዓት አቆማቸው። ከገቡ በኋላ የቤቱ ልጆች በየቡድናቸው እየወጡ እንግዳውን ሰላም ማለት ነበረባቸው፤ መጀመሪያ ታናናሽ እህቶች፣ ቀጥሎ ወንድሞች፣ ቀጥሎ አክስቶች፣ እያንዳንዱ ቡድን ተንበርክኮ ሰላም ብሎ፣ የተሰጠውን ተቀብሎ፣ ጨፍሮ ይመለሳል። ቡድኖቹ ሲያልቁ ካዪዚ ታናናሾቹን ሻሽ አስቀይሮ መልሶ ላካቸው። ሙትያባ ከመቀመጫው ተነሳ። «እመቤቶቼ፣ ቅድም ሰላም ያላችሁን እናንተው አይደላችሁም? ወይስ በዚህ ቤት የሚወለደው ሁሉ መንታ ነው?» ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተደፉ። ካዪዚ ሳይደነግጥ «መንታ አይደሉም፤ ስላማራችኋቸው ነው የተመለሱት» አለና ምግቡ ሳይደርስ የተጠበሰ ፌንጣ በትሪ አዞረላቸው። ወቅቱ የፌንጣ ነው፤ በጨውና በሽንኩርት ታምሶ ሲመጣ ደግሞ አፉ የሞላ ሰው አይጠይቅም። ሃምሳ ሰው ሲቆረጥም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስል ነበር።

ስልኬ ነዘረኝ። «ናይሮቢ ነኝ። የእጄ ሰዓት ረፋድ ነው ይለኛል፤ ፀሐዩ ግን አናቴ ላይ ነው። ምነው ሳትነግረኝ ሉብዋማ? እየሮጥኩ ነው።» ወደ ናቦሳ ክፍል ገባሁ። ጎሜሲዋን ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ልብሷ እንዳይጨማደድ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መልእክቱን አሳየኋት። ኪራይ ሴንጋዋ ሴትዮ ተከትለውኝ ገብተው በሩን ተደግፈው ቆሙ። «ልጄ፣ ካንቺ በፊት ሠላሳ ሰባት ሴት አውጥቻለሁ፤ አንዷም አልፈታችም» አሏት፤ ደግ ሰው ናቸው። «ሰዎቹ ደከሙ፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ዝናብ ከመጣ አማቾችሽ ቅር ብሏቸው ይነሳሉ።»

«ሴንጋ አየር ላይ ናት» አለች ናቦሳ።

«አየር ላይ ያለ ሰው እንዴት ይጠበቃል?»

«ሁሌም አየር ላይ ሆና ነው ያሳደገችኝ፤ ዛሬ ልትወርድ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ ሞልቷል፤ ኩሏ እንዳይፈስ ግን ጣሪያውን ታያለች። «አንተ ደግሞ ሰባት ሰዓት ነው ያልከው! ፖላንድ ውስጥ ስንት ደቂቃ ነው አንድ ሰዓት?»

አባቴን ፍለጋ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ መሆን ሲገባው ሳሎን ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል፤ ካንዙው ተተኩሷል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ከውጭ የሚመጣውን ሳቅ ያዳምጣል እንጂ አይስቅም። ኪራይዋ ትውጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ከኢንቴቤ እዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለኝ። ሠላሳ አምስት አካባቢ ነው አልኩት። «ለክተኸው ነው ወይስ ሄደህበት?» አለኝ። አባቴ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየ። «ቅዳሜ ነው። ካጃንሲ ጋ ይዘጋል፤ ኪቡዬ ጋ ደግሞ ጨርሶ አያስሄድም። በመኪና ከመጣች ጀንበር ትጠልቅባታለች። ሞተር ትያዝ በላት።» ከመጣች አለ። ትያዝ በላት አለ። ስሟን አልጠራም፤ ግን ከኢንቴቤ የምትመጣ ሌላ ሴት ስላልነበረች ስለሷ መናገሩ ነበር። ወዲያው ጻፍኩላት። «ካዪዚንም ጥራልኝ» አለ። ካዪዚ ላቡን እየጠረገ ገባ። አባቴ አላየውም። «ተናገር» አለው። «ጉሮሮህ ሲደርቅ ውሃ እልክልሃለሁ።»

ካዪዚ ከዚያ በኋላ የተናገረውን አሁንም ድረስ ሰፈሩ ያወራዋል። ሙትያባ ነገሩ ገብቶት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የልጅቱ ወገን ቀኑን እየገፋ እንደሆነ ያላወቀ ሰው አልነበረም። ቢፈልግ ክብራችንን መሬት ላይ ጥሎት፣ ወገኖቹን አስነስቶ መሄድ ይችላል። አልሄደም። እንደሱ ያለ ተፎካካሪ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይመስል፣ ካዪዚ እንቆቅልሽ ሲያመጣ እሱ ሁለት ያመጣል፣ ካዪዚ አያቶቹን ሲቆጥር እሱ አያቶቹንና የአያቶቹን ላሞች ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ደመናው ሊወርድ ሲል ቀና ብሎ «ዝናብ ሆይ፣ አንተም ቀጠሮ ይዘህ ከሆነ ቀድመህ እንዳትመጣ፤ በዚህ ቤት ያስቀጣል» አለ፤ የኛም ሰው የነሱም ሰው ባንድ ላይ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ፤ ዝናቡም ወደ ሐይቁ አለፈ። እኔም ስስቅ ራሴን አገኘሁት፤ ሰዓቴን ማየት ከተውኩ ቆይቼ ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ከኩሽናው ጀርባ፣ ከሙዙ መሃል፣ የሞተር ድምፅ መጣ። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ቡቡ የሚሉት የዳካር ሰፊ ቢጫ ቀሚስ በነፋስ ተነፍቶ እንደ ሸራ፣ ሞተር ላይ በጎን የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በሙዝ ቅጠሎቹ መካከል ብቅ አለች። ነጂው ገና ሳያቆም «ደረስኩ!» ብላ ወረደች። በስልክ የማውቀው ድምፅ ነበር፤ ሰውነቱን ግን ልጅ ሳለሁ ካየሁት ወዲህ አላየሁትም፤ ድምፁ ከማን እንደሚወጣ ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለች እናቴ፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ ጭልፋውን ሳትለቅ አቀፈቻት፤ የኦቾሎኒ ወጡ ቡቡው ጀርባ ላይ ፈሰሰ።

«ይቺ ቤት አሁንም እንግዳ በወጥ ነው የምትቀበለው?» አለች ሴንጋ ናንቱሜ እያለቀሰች። «ሻንጣዬ ኪቡዬ ቀርቷል፣ መኪና ውስጥ። ጎሜሲዬም እዚያው ነው። የት ናት ልጄ?»

ጎሜሲ ፍለጋ ቤቱ ተተራመሰ። ኪራይ ሴንጋዋ ያለማንገራገር የራሳቸውን መፍታት ጀምረው ነበር፤ ግን እሳቸው እንደ ሸንኮራ ቀጭን ናቸው፤ ናንቱሜ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዳካር ዓሣና ሩዝ ጠብድላለች። መቀነቱ ወገቧ ላይ አልደርስ ሲል ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። «ተዉት፤ እንዲሁ እወጣለሁ» አለች። ፊቷን ታጠበች፤ ጀርባዋ ላይ የፈሰሰውን ወጥ በሻርፕ ሸፈነች፤ አበባውን ይዛ በሳሎኑ ሳይሆን በጎን በር ወጣች። አባቴ ሳሎን ውስጥ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ የምታውቅ ግን መሰለኝ።

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሙትያባ ቢጫውን ቡቡ ከላይ እስከ ታች አየው። «ጌታዬ አቶ ካዪዚ፣ ስንጠብቃት የዋልናት ሴንጋ ይቺ ናት? ልብሷ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ይመስላል። ተከራይታችሁ ከሆነ ንገሩን፤ እኛም ሙሽራውን ተከራይተን በመጣን፤ ይቀለን ነበር።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ካዪዚ ግን አልሳቀም። ቀኑን ሙሉ መልስ ያላጣ ሰው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የኪራይ አፍ ለሥጋ ዘመድ አይመሰክርም፤ ሴንጋ ናት የሚል ሰው ከደሟ የሆነ የቤቱ ታላቅ መሆን አለበት። ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። ናንቱሜ አበባውን ይዛ ምንጣፉ መሃል ቆማለች። ልናገር ፈለግኩ፤ እኔ ግን የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ ቃሉ የኔ አልነበረም።

የሳሎኑ በር ተከፈተ። አባቴ ደረጃው ላይ ወጥቶ ቆመ። ድምፅ ማጉያ ሊያቀብሉት ሲሉ በእጁ ከለከላቸው።

«እህቴ ናት» አለ። «ናንቱሜ ትባላለች። አንድ ማህፀን ነው ያወጣን፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ናት። የለበሰችው የባሏን አገር ልብስ ነው። ባሏም የዚህ ቤት አማች ነው። ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?»

ሙትያባ ኮፍያውን አወለቀ። «የለም ጌታዬ» አለ፤ እንደዚያ አጭር ሲናገር ያን ጊዜ ብቻ ሰማሁት። እልልታው ከኛ ወገን ይጀመር ከነሱ አላውቅም። ናንቱሜ ወደ ደረጃው ሄዳ እንደ ልማዳችን ልትንበረከክ ጎንበስ ስትል አባቴ ክንዷን ያዛት። «ተይው፤ ጉልበትሽ አርጅቷል» አላት። «የማን ነው ያረጀው? ፀጉርህን በመስታወት አይተኸዋል?» አለችው። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ክንዷን ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

የቀረው ጭፈራ ነበር። ሴንጋ በረድፎቹ መካከል እየዞረች አንዱን ሽማግሌ «አንተ ነህ እንዴ ያሞኘኻት?» ትላለች፣ የሌላውን ጢም ትጎትታለች፣ ሙትያባን ራሱን «ይሄ ወፍራም ቢሆን ኖሮ ልጅ አንሰጥም ነበር» ብላ አለፈችው፣ በመጨረሻ ከኋላ ረድፍ አንድ ራሱን ዝቅ ያደረገ ልጅ ጋ ደርሳ ጆሮውን ያዘች። «በፎቶም ትልቅ ነበር!» ብላ ጮኸች። አበባውን ስትሰካለት ምፓጊ ያለቅስ ነበር። ናቦሳ ስትወጣ ኩሏ ፈሶ ጉንጯ ላይ ሁለት መስመር ሠርቶ ነበር፤ ማንም ሊጠርግላት አልሞከረም። እኔም ዶሮዬን ተቀበልኩ፤ በእግሩ ያዝኩት፤ ቧጠጠኝ፤ በክንፉ ያዝኩት፤ አመለጠኝ፤ ጠረጴዛው ላይ በኬኩ ላይ አለፈ፤ አክስቶቼ እስኪያነቡ ሳቁብኝ። ሳሳድደው ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ሰውም ወገን ሳይለይ በጭብጨባ አጀበኝ።

አመሻሽ ላይ እንግዳው ከሄደ በኋላ ወንድምና እህት ወንበር አቀራርበው ድንኳኑ ሲፈርስ ያዩ ነበር። እሷ ስለ ጀልባ ቀለም ትነግረዋለች፤ እሱ «እም» ይላል። በመሃል «ልጁ» አለ አባቴ፤ ስድሳ ዓመት የሞላውን አናጢ ማለቱ ነው። «ልጁ ሰላም ነው?» ሰላም ነው አለችው። «ሉብዋማ፣ ስልክህን አምጣ። የሱን ቁጥር ታውቀዋለህ?» ከሷ ተቀበልኩ። «ጻፍ» አለኝ። ቋንቋችንን እንደማያውቅ ነገርኩት። «አማች ከሆነ ይማር። ጻፍ።» እንዲህ ሲል ጻፍኩለት፦ «አማቻችን ንጃጋ። ሚስትህ በሰላም ገብታለች። ደጃችን ክፍት ነው። ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና፤ እኔ ቆሜ እቀበልሃለሁ። ቀኑን አንተ ቁረጥ።» ሴንጋ አፏን በሻርፗ ያዘች። ላክሁት።

ሴንጋ ሁለት ሳምንት ተቀምጣ ተመለሰች፤ ያኔ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ንጃጋ መልእክቱን እንዳየው ስልኬ ያሳየኛል። ደውላ እንደነገረችን፣ ሰው ቢያስነብበው ሳቀ፣ ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደብ ላይ ላሉት አናጢዎች ሁሉ አሳየ፤ ለመመለስ ግን ቃሉን ገና እየመረጠ ነው። አባቴ በየጠዋቱ «መለሰ?» ይለኛል። አንድ ቀን እናቴ ሰማችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያልክ ሰውዬ፣ ወር ሳይሞላ ከበደህ?» አለችው። አባቴ ሳቀና ወደ ደጁ ወጣ። ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ብረት በያጅ ቀጥሮ የበሩን አግዳሚ ከፍ እያስደረገ ነው፤ የዳካር ሰዎች ረጃጅሞች ናቸው ብላዋለች እህቱ። መልሱ እስካሁን አልመጣም።